ሳይመሽ ሂጂ

በታይናን ከተማ፣ ከድሮው ወደብ ጀርባ ባለችው ጠባብ ሰፈር፣ ባውጁን ለማግኘት አድራሻ አያስፈልግም፤ ጆሮ ይበቃል። ዓሣ ስትገዛ ትጮኻለች፣ ስትስቅ ትጮኻለች፣ ሰው የወደደች ዕለትማ ጎረቤት መስኮቱን ይዘጋል። ሰባ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ አጭር፣ ክንዷ እንደ ጎረምሳ የጠነከረ ሴት ናት። እጇ የነካው ምግብ ይጣፍጣል። የሰውን ልብ ግን የምታገኘው ዘግይታ ነው፤ የሚወራላትም ስለዚሁ መዘግየቷ ነው።

የምታበስልበት ቤት በሩ ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ "የሴቶችና የልዩ ልዩ ፆታ ሰዎች መረዳጃ ማዕከል" ይላል። "ይህን ሁሉ አንብበው እስኪጨርሱ ሩዙ ይቀዘቅዛል" ብላ ባውጁ ገና በጠዋቱ ስሙን አሳጠረችው። "እናት ቤት" አለችው፤ ሰፈሩም ተቀበላት። ባሏ የሚደበድባት ትመጣለች። አሠሪዋ አስረግዞ የካዳት ትመጣለች። ወንድ ልጅ ተብላ አድጋ፣ "የለም፣ እኔ ሴት ነኝ" ያለች ዕለት ከቤት የተባረረች ትመጣለች። ከሁለቱም አይደለንም የሚሉም ይመጣሉ። ታች ረጅም ጠረጴዛና ወጥ ቤት አለ፤ ፎቅ ላይ ደግሞ ማደሪያ ላጣ ሰው አልጋ የተነጠፈበት ክፍል። ማደር የፈለገ ሰው የሚጠበቅበት መጠየቅ ብቻ ነው።

ባውጁ ወደዚህ ቤት የመጣችው ለጽድቅ አልነበረም፤ ለጠብ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከመንገዱ ማዶ ብቻዋን ትኖር ነበር። ማዕከሉን የከፈተችው ዌንሊንግ ሕግ የተማረች፣ ጨዋ፣ ትሑት ልጅ ናት፤ ነገር ግን ድስት ጥዳ ትረሳለች። የሩዝ ማረር ሽታ በየቀኑ በባውጁ መስኮት ይገባል። አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀና ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ገባች።

"ይሄ ሩዝ ምን በድሏችሁ ነው በየቀኑ የምታቃጥሉት?"

"ይቅርታ አክስቴ፣ ስብሰባ ላይ ሆነን እኮ..."

"እንግዲያ ስብሰባችሁን ብሉታ! ዞር በይልኝ።"

ዌንሊንግ ዞር አለች። ባውጁ ድስቱን ፈቅፍቃ አጠበች፣ አዲስ ሩዝ ጣደች፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ከዚያ ምድጃ የነቀላት የለም።

እዚያ ቤት ለባውጁ አፍ መልስ የማያጡ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ አሆንግ። አሆንግ ጸጉራቸው ሸብቶ ያጠረ፣ ሞተር ሳይክል የሚጠግኑ፣ የማዕከሉን ጣራም ቧንቧም በነፃ የሚያድሱ ሰው ናቸው። ወንድ ናቸው ወይስ ሴት ብሎ የሚጠይቃቸው ካለ "ምሳ ደርሷል ወይ?" ነው መልሳቸው። ሰፈሩም ምሳውን ማቅረብ ይቀላል ብሎ ጥያቄውን ከተወው ቆይቷል። ባውጁ ብቻ "አንቺ" ትላቸዋለች።

የባውጁን ነገር ለመረዳት ግን ወደ ኋላ መሄድ ግድ ነው።

የተወለደችው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የዓሣ ኩሬዎቹ ባሉበት አገር ነው። ገና ልጅ ሳለች ለአንድ ጀልባ ሠራተኛ ተዳረች። ሰውዬው ባሕር ላይ የተከበረ፣ የብስ ሲወጣ ጠጪ፣ ሲጠጣ ደግሞ እጁ የሚፈጥን ነበር። በአዲሱ ዓመት ሁለተኛ ቀን እንደ ማንኛዋም ያገባች ሴት ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች። ስጦታዋን ጥንድ ጥንድ አድርጋ፣ አዲስ ልብስ ለብሳ፣ ያበጠ ፊቷን ዱቄት ቀብታ። እናቷ ዱቄቱን ታያለች። አይታም ከዶሮው ጥሩ ጥሩውን ትመርጥላታለች፤ የዓሣውን አጥንት እየለቀመች ሳህኗ ላይ ታስቀምጥላታለች። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ግን የፍጅል ቂጣ በቀይ ጨርቅ ቋጥራ ትሰጣትና "ልጄ፣ ሳይመሽ ሂጂ" ትላታለች። በዚያ ቀን በእናቷ ቤት ጨለማ ያገኛት ልጅ የወንድሞቿን ሲሳይ ጠራርጋ ትበላለች ይባላል። እናት እያለቀሰች ትሸኛለች፣ ልጅ እያለቀሰች ትሄዳለች፤ ባልየው ከወንድሞቿ ጋር ጠጥቶ ጠግቦ ከፊት ከፊት ይራመዳል።

አንድ ዓመት ግን የባውጁ እግር አልነሳ አለ። "እማ፣ ዛሬን ብቻ ልደር" አለች። እናቷ ወንዶቹ ልጆቿን አየች፤ ወንዶቹ መሬት መሬቱን አዩ። "ሰው ምን ይላል ልጄ" አለች እናቷ፤ ቋጠሮውንም በእጇ አስጨበጠቻት። ባውጁ ይህን ለማንም አውርታ አታውቅም። እናቷ የሞተች ጊዜ ግን ቤቱ ሁሉ ሲያለቅስ የእሷ ዓይን ደረቀ። ድንጋጤ ነው አሏት። ድንጋጤ አልነበረም፤ ቂም ነበር።

ታዲያ እንዲህ የተጎዳች ሴት ያንኑ ቃል እንዴት በገዛ አፏ አወጣችው? ነገሩ የጀመረው በደግ ነው። ማዕከሉ በአዲስ ዓመት ይዘጋ ነበር። ባውጁ ግን አንድ ዓመት "የሚሄዱበት የሌላቸውስ?" ብላ በሁለተኛው ቀን በሩን ከፈተች፤ ድግሱንም እንደ ደንቡ ደገሰችው። የኩሬ ዓሣ፣ ዶሮ፣ ሳይቆረጥ የሚቀቀለው የረጅም ዕድሜ ጎመን። የተፋቱት መጡ፣ የተባረሩት መጡ። አሆንግ ገና ሲገቡ የአማቾቹን የክብር ወንበር ያዙ።

"ተነሺ ከዚያ! የአማች ወንበር ነው።"

"አማችሽ ነኛ።"

"የማንን ልጅ አግብተሽ ነው?"

"የምትድሪኝን እየጠበቅሁ ነው። እስከዚያው የዶሮውን ታፋ ወዲህ በይ።"

ሊመሽ ሲል ባውጁ እጇን አጨበጨበች። "በሉ ልጆች፣ ሳይመሽ ሂዱ! ቤቴን ልታደኸዩት ነው እንዴ?" አለች። የፍጅል ቂጣውን በቀይ ጨርቅ እየቋጠረች አደለች። ሰዎቹ በሳቅ ፈነዱ፣ ጥቂቶቹም አለቀሱ። ከድግሱ ሁሉ የወደዱት ይህንን ነበር። ምግብማ የትም ይበላል፤ "ሂጂ" የምትባለው ግን የቤቱ ልጅ ናት፤ እንግዳ "ቆይ" ነው የሚባለው። ሁሉም የሚገቡበት ክፍል ስለነበራቸው ጉዳት አልነበረውም። የሻረ ቁስል ይቀለድበታል፤ ባውጁም የቀለደችው እንደዚያ ነው። በየዓመቱ እያጨበጨበች "ሂዱ" ስትል ያ የድሮው ነገር ከላይዋ ላይ የሚነሳ ይመስላት ነበር።

ሩዪን የመጣችው በጸደይ ነው። ረጅም፣ እጀ ትልቅ፣ ድምፀ ለስላሳ፤ ለቤተ መቅደስ መጋረጃ በወርቅማ ክር የምትጠልፍ ሠራተኛ። ጸጉሯ ትከሻዋን አልፎ ወርዷል። ባውጁ ከላይ እስከ ታች አየቻትና ቤቱ ሁሉ እየሰማ "ይሄ ልጅ ቀሚስ ለብሶ ምን ይሠራል?" አለች።

ዌንሊንግ ፊቷ ቀላ። ሩዪን ግን "ጎመኑን ልጠብልዎ አክስቴ?" አለች።

ጎመኑን አጠበች። በማግሥቱም መጥታ አጠበች። ዌንሊንግ ስለ ፆታ ባሰናዳችው ትምህርት ላይ ባውጁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንቀላፍታለች፤ ያስተማራት ጎመኑ ነው። ከአንዲት ልጅ ጋር ቅጠል እየለቀሙ ወሩን ሙሉ ሲያወሩ ሴት ልጅ መሆኗ ይገባል። አልፎ አልፎ ምላሷ ስቶ "እሱ" ስትል ባውጁ በመዳፏ አፏን ትመታለች፤ "ይሄ ያረጀ አፍ!" ትላለች፤ ሩዪን ትስቃለች።

አንድ ቀን ያንኑ ሲሠሩ ባውጁ በዓሉን የት እንደምታሳልፍ ጠየቀቻት።

"በሁለተኛው ቀን እኔ በር ከፋች ነበርኩ" አለች ሩዪን። "እህቴ ከባሏ ጋር ስትመጣ ዕቃዋን የምቀበላት እኔ ነኝ። እናቴ ያን ቀን ለእህቴ የምታሳያት ፊት ነበራት። ለእኔ አሳይታኝ አታውቅም። ወንድ ልጅ ነኝ ተብዬ ከቤት ስላልወጣሁ ተመልሼ የምገባበት ቀን የለኝማ።"

"አሁንስ?"

"እናቴ ሞታለች። አባቴ ጸጉርህን ተቆርጠህ፣ እንደ ወንድ ለብሰህ ከመጣህ በሬ ክፍት ነው ብሏል። ካልሆነ የአያቶችህ መታሰቢያ መሠዊያ ፊት አትቁም አለኝ።"

ባውጁ የያዘችውን ቅጠል ወረወረችው። "ስሚኝ፤ ዘንድሮ በሁለተኛው ቀን መጀመሪያ የምትገቢው አንቺ ነሽ። በር ከፋቿ ደግሞ እኔ! ስጦታ እንዳትረሺ፤ ጥንድ ይሁን፤ ባዶ እጇን የመጣች ልጅ አላስገባም።"

ሩዪን ጎመኑ ላይ አጎንብሳ አፍንጫዋን ሳብ ሳብ አደረገች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንት የምታወራው ስለዚያ ቀን ነበር። ምን ልልበስ፣ ብርቱካን ላምጣ ወይስ ኬክ፣ ስገባ ምን ይባላል። አሆንግ "ሙሽራ እንኳ እንዲህ አልተጨነቀች" ይሏት ነበር።

በዓሉ ሊገባ ሲል ሩዪን የተከራየችበት ቤት ባለቤት ጠራት። ጎረቤቱ ምን ዓይነት ሰው ነው ያከራየኸው እያለ ያስቸግረኛል፤ ከበዓሉ በፊት ክፍሉን ልቀቂ አላት። ለማንም አልተናገረችም። በዓል ሲመጣ መከራን ይዞ ሰው ቤት መሄድ ነውር ነው። ያላትን ሁሉ በአንድ ትልቅ ሻንጣ ጠቅጥቃ የዋዜማውንም የማግሥቱንም ሌሊት ባቡር ጣቢያ አሳለፈች። በሁለተኛው ቀን ግን እናት ቤት ይከፈታል፤ እዚያ ፎቅ ላይ አልጋ አለ። "ልደር" ለማለት ቆርጣ ነበር የመጣችው።

ያን ዕለት ከባሕሩ የሚነሳው ነፋስ አጥንት ይሰብራል። ዌንሊንግ ወደ ወላጆቿ ሄዳለች፤ የፎቁን ቁልፍ ለባውጁ ትታላት ባውጁ በወገቧ ታጥቃዋለች። በሩ ሲንኳኳ በሩጫ ወጣች።

ሩዪን ቀይ ሹራብ ለብሳ፣ ጸጉሯን ጎንጉና፣ በአንድ እጇ ሁለት የኬክ ሣጥን፣ በሌላው ሻንጣውን ይዛ ቆማለች። "እማ፣ መጣሁ" አለች።

እስከዚያ ቀን "አክስቴ" ነበር የምትላት። ባውጁ ይህን ቃል ከማንም ሰምታው አታውቅም፤ ማህፀኗ ፍሬ አልሰጠም። "ልጄ መጣች! ኧረ ልጄ መጣች!" ብላ የሰፈሩን ውሾች ሁሉ አስጮኸች። ዐቅፋ አስገባቻት፤ ሻንጣውንም ራሷ ተቀብላ በሩ ጥግ አስቀመጠችው።

"ድንጋይ ነው እንዴ የያዝሽው?"

"ሥራ ነው። ጥልፍ።"

"በበዓል? ጣትሽን እንኳ አሳርፊው እንጂ!"

ነገሩ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። አንድ ጥያቄ ብትጨምር፣ ሻንጣውን ከፈት ብታደርግ፣ ልጅቷ ትናንት የት እንዳደረች ብትጠይቅ። ባውጁ ግን በደስታ ሰክራለች። የሰከረ ሰው ዓይን ደግሞ የሚያየው ያሰከረውን ብቻ ነው።

ጠረጴዛው ሞላ። ሩዪን ከባውጁ ጎን ተቀመጠች፤ ባውጁ የዓሣውን አጥንት እየለቀመች ሳህኗ ላይ ታስቀምጥላታለች። ሲሳቅ፣ ሲዘፈን፣ አሆንግ ሁለቱንም ታፋ ሲበሉ ከሰዓቱ ገፋ። ሩዪን አንዴ ልትነግራት ወጥ ቤት ድረስ ተከትላት ገባች፤ ሰው ሲመጣ ተወችው። ሌላ ጊዜ ጀመረች፤ ድስቱ ገነፈለ። መጨረሻ ላይ ገበታው ሊነሳ ሲል ክንዷን ያዘቻት።

"እማ፣ ዛሬ ማታ..."

"ማታ?" ባውጁ እጇን አጨበጨበች። "ሰማችኋት? ልጄ ማታ አለች! በሁለተኛው ቀን ማታ የሚባል ነገር የለም። ወንድሞችሽን ልታደኸዪ ነው?"

"የትኞቹን ወንድሞቼን?" አለች ሩዪን ፈገግ ብላ።

"እኔን!" አሉ አሆንግ አፋቸው እንደ ሞላ። "ደግሞ ከዚህ በላይ ብደኸይ ሞተሬን ነው የምበላው!"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉም በላይ የሳቀችው ሩዪን ነበረች፤ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ሳቀች። ባውጁ ያንን እንባ የደስታ ነው አለች። ደግሞም የደስታ ነበር፤ ክፋቱ ይኸው ነው። ሃያ ምናምን ዓመት በር ስትከፍት የኖረች ልጅ "ሳይመሽ ሂጂ" ስትባል ይህ የመጀመሪያዋ ነው። እንዲህ ከተባለች በኋላ "የምሄድበት የለኝም" ብትል፣ በዚያች ቅጽበት ከልጅነት ወርዳ ማደሪያ ፈላጊ ልትሆን ነው። አልቻለችም።

ፀሐይ ዘቅዘቅ አለች። ባውጁ ቂጣውን በቀይ ጨርቅ ቋጠረችላት። ሻንጣውንም ከጥግ አንስታ፣ "ውይ፣ ከብዷል!" እያለች በገዛ እጇ ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለችላት። "ሳይመሽ ሂጂ ልጄ" አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። ሩዪን ዝቅ ብላ እጅ ነሳች፣ ዞራ እጇን እያውለበለበች ሄደች። ባውጁ በሩ ላይ ቆማ እንደ እናቷ አለቀሰች፤ ማልቀሷም ደስ አላት። ያን ሌሊት እንቅልፍ እንደዚያ ጥሟት አያውቅም።

ጉዱን ያመጡት አሆንግ ናቸው። የበዓሉ ሰሞን አልፎ ሱቆች መከፈት ሲጀምሩ፣ ሞተር ሊያደርሱ በሩዪን ሰፈር አለፉ፤ በክፍሏ ሌላ ሰው ሲገባ አዩ። ወጥ ቤት መጥተው እንደ ወትሯቸው ሳይቀልዱ ቆሙ።

"ምን ሆነሻል? ምሳ አልደረሰም" አለች ባውጁ።

"ሩዪን ቤት የላትም። ከዋዜማው በፊት ነው ያስወጧት።"

"ምን ማለት ነው? እዚህ የነበረች ጊዜ..."

"ያኔም አልነበራትም።"

ባውጁ ማንኪያውን አስቀመጠች። በሩ ጥግ ያለውን ባዶ ቦታ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወገቧን ዳበሰች፤ ቁልፉ እዚያው ነበር። እንደ ልማዷ የምትጮኽ መስሏቸው ነበር፤ እሷ ግን ወንበር ፈልጋ ተቀመጠችና ዓይኗን ጨፈነች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ፍለጋው ተጀመረ። ስልኳ አይነሳም። ባቡር ጣቢያ ሄዱ፣ በየቤተ መቅደሱ መጠለያ ጠየቁ። የጥልፍ ሱቁ ጌታ፣ ደውላ ወደ አባቷ መመለሷንና ሥራውን መተዋን እንደነገረችው አወራቸው። ዌንሊንግ ስትመለስ ባውጁን ለማጽናናት ሞከረች።

"አላወቁም እኮ አክስቴ። አልነገረችዎትም።"

"ልትነግረኝ አፏን ከፈተች፤ እኔ ዘጋሁባት! አልጋው ላይ፣ ቁልፉ ወገቤ ላይ! እኔው ነኝ ያሸከምኳት ሻንጣውን!"

"የአፍ ወለምታ ነው" አለች ዌንሊንግ።

"የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም!" አለች ባውጁ። በማግሥቱም ለማንም ሳትናገር ወደ ሩዪን አባት መንደር አውቶቡስ ተሳፈረች። ልጅቷን ይዛ ልትመለስ ነው።

መንደሩ የራሷን የትውልድ መንደር ይመስላል፤ ኩሬ በኩሬ፣ ጨው ጨው የሚል ነፋስ። ቤቱን ስትጠይቅ አሳዩዋት። የከፈተላት ጸጉሩ ከሥሩ የተቆረጠ፣ ግራጫ ሸሚዝ የለበሰ ጎረምሳ መሰላት። ትልልቆቹን እጆች ስታይ ነው ያወቀቻት።

"ይግቡ አክስቴ" አለች ሩዪን፤ ከኋላዋ አባቷ እያየ ነበር።

አባትየው ክፉ ሰው ቢሆን በተሻለ፤ ልትጮኽበት ትችል ነበር። አንድ እግሩን የሚጎትት፣ ትሑት ሽማግሌ ሆኖ ተገኘ። ሻይ ቀዳ፣ የደረቀ ዓሣ አቀረበ። "በከተማ ልጄን የመገቡት እርስዎ ነዎት አሉ። ውለታዎን አልረሳም። ልጁም ይኸው ልብ ገዝቶ ተመለሰ፤ ኩሬውን የያዘው እሱ ነው" አለ። ሩዪን ግድግዳው ሥር ቆማ ሁለቱንም ታይ ነበር። ባውጁ ስንት ነገር ይዛ መጥታ ነበር፤ በሰው ቤት፣ ሻዩን እየጠጣች፣ አንዱንም ማውጣት አቃታት። ልትነሳ ስትል ሽማግሌው ወደ ሰማዩ አየ።

"እየመሸ እኮ ነው" አለ። "የዚህ አገር አውቶቡስ አይታመንም። እዚሁ ይደሩ እንጂ፤ አልጋ አለ።"

ባውጁ "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ወጣች።

ሩዪን እስከ መንገዱ ሸኘቻት። ከቤቱ እንደራቁ ባውጁ ክንዷን ጨመደደች።

"ነይ፣ አሁኑኑ እንሂድ። ይኸው ቁልፉ። ዓመት እደሪ፣ ዕድሜሽን ሁሉ እደሪ። ሌላ ሻንጣ እኔ እገዛልሻለሁ፣ ምንም አትያዢ።"

"እማ..."

"ለምን በማግሥቱ አልተመለስሽም? ለምን አልነገርሽኝም?"

"በሦስተኛው ቀን ሰው ቤት አይኬድም፤ ጠብ ያመጣል።" ሩዪን የኩሬውን ውሃ እያየች አወራች። "ልነግርሽ ነበር እኮ። ግን እንደ ሌላው ሰው ልጅ ሸኘሽኝ። እንደ ሌላው ሰው ልጅ መሄድ አማረኝ። ጥጉን እስክዞር ድረስ እየሳቅሁ ነበር። ከዞርኩ በኋላ ነው የት እንደምሄድ የጠፋኝ። በአራተኛው ቀን ብርዱ ሲብስ ጸጉር ቆራጭ ቤት ገባሁ።"

"ጸጉር ያድጋል። ነይ እንሂድ።"

ሩዪን ራሷን ነቀነቀች። "ደክሞኛል። እዚህ ምን ከፍዬ እንደማድር አውቃለሁ። እዚያ ስሆን ግን በር በተከፈተ ቁጥር 'ሂጂ' የምትይኝ እየመሰለኝ ነው የምቀመጠው። አልችለውም።"

የአውቶቡሱ መብራት ከሩቅ ታየ። ባውጁ ይቅር በይኝ ለማለት አፏን ስትከፍት ሩዪን ቀደመቻት፤ ልታጽናናት ብላ፣ ከልቧ፣ እጇን በትልልቅ እጆቿ ይዛ።

"አልተቀየምኩሽም እኮ እማ። እናት ናት እንደዚያ የምታደርገው።"

ባውጁ በሕይወቷ ብዙ ተሰድባለች፣ ተመትታለችም። እንደዚህ ያመማት ነገር ግን አልነበረም። ምነው በሰደበችኝ አለች በልቧ፤ ምነው ቂም በያዘችብኝ። አውቶቡሱ ቆመ። ሩዪን ክንዷን ደግፋ አሳፈረቻት፣ ጥግ ያለው ወንበር ላይ መቀመጧን በመስኮቱ አየች፣ ከዚያም አባቷ እንዳይጠብቅ ብላ በፍጥነት ተመለሰች።